ሥዕልና ድልድይ፦ የቢቸናና የሞጣ ምድር በፎቶግራፍ ዓይን

የአንድ አገር ታሪክ በብዙ መንገድ ይጠበቃል። ነገሥታቱ በዜና መዋዕል፥ ቅዱሳኑ በገድልና በተአምር፥ ዳኞች በመዝገብ፥ ሽማግሎች በቃል ያቆዩታል። ምድሩ ራሱ ግን፥ ተራራውና ሸለቆው፥ ደኑና እርሻው፥ ወንዙና መሻገሪያው፥ በእነዚህ መዝገቦች ውስጥ የሚገባው ጦር ሲያልፍበት ወይም ገዳም ሲተከልበት ብቻ ነው። ስለዚህ አያቶቻችን እነማን እንደ ነበሩ ለማወቅ ስንችል፥ በዘመናቸው ከደጃፋቸው ቆመው ሲመለከቱ ምን ይታያቸው እንደ ነበረ ለመናገር እንቸገራለን። ይህን ጉድለት ሊሞሉ ከሚችሉት መሣሪያዎች አንዱ ፎቶግራፍ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምሥራቅ ጎጃምን ምድር፥ ይልቁንም ቢቸናንና ሞጣን መነሻ አድርገን፥ የመልክዐ ምድር ፎቶግራፍ በአገራችን ታሪክ ውስጥ የሠራውን ሥራና ወደ ፊት ሊሠራ የሚገባውን ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ወደ ሞጣ፥ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀውን መንገድ የሄደበት ሰው ሁለት ነገር ሳያይ አያልፍም። በስተ ግራው የጮቄ ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በስተ ቀኙ ምድሩ እየተቈረጠ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ከላይ ጅብራ፥ ጓሳና አስታ የሚበቅልበት ውርጭ ነው፤ ከዚያ ዝቅ ሲል ገብስና ድንች፥ ከዚያም ዝቅ ሲል በጥቁሩ መሬት ላይ ጤፍና ስንዴ፥ ከታች በቆላው ደግሞ ማሽላ ይዘራል። ይህ አገር የሊቃውንትም አገር ነው። የዲማ ጊዮርጊስና የደብረ ወርቅ ጉባኤ ቤቶች ስማቸው የታወቀ ሲሆን፥ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው በእነዚሁ ደብሮች ተምረዋል። ንግሥት እሌኒ ያሠራቻት መርጡለ ማርያምም ከዚሁ አካባቢ አትርቅም። እንግዲህ የትምህርቱና የእምነቱ ታሪክ በብራና ተጽፎ ሲገኝ፥ ይህን ሁሉ የተሸከመው ምድር መልኩ በየዘመኑ እንዴት እንደ ነበረ የሚመሰክር ምን አለን? ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ፎቶግራፍ ከመምጣቱ በፊት የጎጃምን ምድር በወረቀት ላይ ለማስፈር የሞከሩ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። የስኮትላንዱ ተወላጅ ጀምስ ብሩስ በጥቅምት ወር 1763 ዓ. ም. ግሽ ዓባይ በደረሰ ጊዜ ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ የቦሎኛ ሰው፥ የሥዕል ሙያ ያለው፥ አብሮት ነበረ። ባሉጋኒ ጎንደር ላይ ሲሞት ሥዕሎቹ በብሩስ እጅ ቀሩ። የእጅ ሥዕል ግን የሣዩ ሐሳብና ጣዕም የሚገባበት ነው፤ ሣዩ ዛፉን ሊጨምር፥ ገደሉን ሊያሰፋ፥ ሰውየውን ሊያሳንስ ይችላል። የዛፉን ቁጥርና የማሳውን ዳር በእርሱ ላይ ተማምኖ ለመቍጠር አይቻልም።

በአገራችን ምድር ላይ በብዛትና በሥርዓት የተነሣው የመጀመሪያው የመልክዐ ምድር ፎቶግራፍ በ1860 ዓ. ም. ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው ነው። ያ ጦር ከዙላ ጠረፍ ተነሥቶ እስከ መቅደላ ሲጓዝ የመሐንዲሶቹ ክፍል ካሜራና የመስታወት ሰሌዳ በእንስሳት አስጭኖ፥ የሰፈረበትን ሜዳና የወጣውን አቀበት እያነሣ ሄደ። ሚያዝያ 6 ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ፥ ምርኮኛ ሊያስፈታ የመጣው ጦር መጻሕፍታችንንና ዘውዳችንን ብቻ ሳይሆን የምድራችንንም መልክ ይዞ ተመለሰ። ከዚህ በኋላ ፎቶግራፍ ወደ ቤተ መንግሥት ገባ። በዐፄ ምኒልክ ጊዜ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፥ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ፥ የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺዎች ሆኑ። በዚያ ዘመን ሥዕል ሰው ይነሣበት የነበረው ለክብር ነው፤ መኳንንቱ በካባና በጎራዴ፥ ወይዛዝርቱ በቀሚስና በጥልፍ ይቆማሉ፤ ምድሩ ከበስተ ኋላ ከታየም ታየ፥ ካልታየም የሚጠይቀው የለም። ገበሬውና ማሳው የሥዕል ጉዳይ የሚሆኑበት ጊዜ ገና አልደረሰም ነበር።

የጎጃምን ምድር ለብቻው አስቦ የተመለከተው ሌላው የውጭ አገር ሰው በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺስማን ነው። እ. ኤ. አ. ከ1925 እስከ 1934 በቆየበት ጊዜ የጣናን ዙሪያና የዓባይን ሸለቆ በእግሩና በበቅሎ እየዞረ ካርታ አወጣ፤ ፎቶግራፎቹም እ. ኤ. አ. በ1936 ካሳተመው መጽሐፉ ጋር ወጡ። ቺስማን የመንግሥቱ ሠራተኛ እንደ መሆኑ መጠን ውሃው ለማን ይጠቅማል የሚለው ጉዳይ ከጀርባው እንደ ነበረ አይካድም። ነገር ግን አንድ ሰው ሥዕል የሚያነሣበት ምክንያትና ሥዕሉ በኋላ የሚሰጠው ጥቅም ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

ይህን ነገር ከሁሉ ይበልጥ የሚያስረዳን የጣሊያን የአየር ፎቶግራፍ ነው። እ. ኤ. አ. ከ1935 እስከ 1941 ድረስ የጣሊያን አውሮፕላኖች በአገራችን ሰማይ ላይ እየበረሩ፥ መጀመሪያ ለጦርነቱ፥ ቀጥሎም ለካርታ ሥራ፥ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ፎቶግራፍ አነሡ። በዚያን ጊዜ ምድሩን ከላይ የሚመለከተው ጠላት ነበር፤ ከታች በገደልና በዋሻ፥ በጫካና በቆላ ተሸሽጎ የሚዋጋው አርበኛ ነበር። በቢቸና በኩል በላይ ዘለቀና ጓደኞቹ አምስት ዓመት ሙሉ ጠላትን ዕረፍት የነሡት ምድሩን እንደ መዳፋቸው ስለሚያውቁት ነው። ጠላት በካሜራ ሊያገኘው የፈለገውን ዕውቀት የአገሩ ሰው በእግሩ ይዞት ነበር። ይሁን እንጂ ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ፥ በአዲስ አበባ በቀድሞው የካርታ ሥራዎች ድርጅት ከ8000 በላይ በሚሆኑ ሰሌዳዎች ላይ የተለጠፉት እነዚያ ፎቶግራፎች ሲገኙ፥ ተመራማሪዎች ለደንና ለአፈር ታሪክ ጥናት አዋሉአቸው። ለማጥፋት የተነሣው ሥዕል ለመጠበቅ የሚያገለግል ምስክር ሆነ ማለት ነው።

ከነፃነት በኋላ ደግሞ ሌላ የአየር ፎቶግራፍ መጣ። እ. ኤ. አ. በ1957 ገደማ የተነሣው የአየር ፎቶግራፍ ለካርታ ሥራ የዋለ ሲሆን፥ የኢትዮጵያ መንግሥት ከአሜሪካ የመስኖና የውሃ ሥራ መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ ስለ ዓባይ ተፋሰስ ያስጠናው ሰፊ ጥናትም እ. ኤ. አ. በ1964 ተፈጸመ። የ1957ቱ ሥዕል ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማወቅ በዚያው በጎጃም በደምበጫ አካባቢ የተደረገውን ጥናት መመልከት ይበቃል። ገቴ ዘለቀና ሐንስ ሁርኒ እ. ኤ. አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት ያንን የአየር ፎቶግራፍ ከኋለኞቹ ሥዕሎች ጋር አስተያይተው፥ የተፈጥሮው ደን በ1957 ከመሬቱ 27 ከመቶውን ይሸፍን እንደ ነበረ፥ በ1982 ወደ 2 ከመቶ፥ በ1995 ወደ 0.3 ከመቶ እንደ ወረደ አሳዩ። የታረሰው መሬት በአንጻሩ ከ39 ከመቶ ወደ 77 ከመቶ ከፍ አለ። ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ነው። አንድ ሽማግሌ «በልጅነታችን እዚህ ጫካ ነበረ» ሲሉ የሚሰማው ወጣት እንደ ተረት ሊቈጥረው ይችል ይሆናል፤ ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን የሽማግሌው ቃል ተረት መሆኑ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ የታሪክ ነገር መዘንጋት የለበትም። በቢቸናና በሞጣ ምድርን መመልከትና መለካት ለረጅም ጊዜ የሚያስፈራ ነገር ሆኖ ቆይቷል። በ1960 ዓ. ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣና ገማቾች ወደ ገበሬው ማሳ ሲላኩ፥ ቢቸናና ሞጣ ከዋነኞቹ የዐመፅ ቦታዎች መካከል ሆኑ። ገበሬው የፈራው የገንዘቡን ብዛት ብቻ አልነበረም፤ መሬቱ ከተለካና ከተመዘገበ ከአባት ከእናት የወረደው ርስቱ የሚጠፋ መስሎት ነው። ወታደርና አውሮፕላን ተላከ፤ ብዙ ሰውም ተጎዳ፤ በመጨረሻ ግን መንግሥት አዋጁን በጎጃም በሥራ ላይ ለማዋል አልቻለም። ከዚህ የምንማረው፥ ምድርን የሚመለከት ዓይን ሁሉ የወዳጅ ዓይን ሆኖ እንደማይታይ ነው። ካሜራ የያዘ፥ ገመድ የዘረጋ፥ ወረቀት የጻፈ ሰው ከሩቅ መጥቶ ያየውን ይዞ ሲሄድ፥ የአገሩም ሰው የተወሰደውን መልሶ ሳያይ ሲቀር፥ ጥርጣሬው ትክክል ነው። መድኃኒቱም ሥዕሉን መከልከል ሳይሆን ሥዕሉን ለባለ አገሩ ማሳየት ነው።

ሥዕል የሰውን አስተያየት ብቻ ሳይሆን የምሁራንንም አሳብ ሊያርም ይችላል። የቤልጂግ ተመራማሪ ያን ኒሰንና የኢትዮጵያ ባልደረቦቹ ከ1860 ዓ. ም. የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፎች ጥቂቱን ይዘው፥ ፎቶግራፍ አንሺው የቆመበትን ድንጋይ ፈልገው፥ ከመቶ አርባ ዓመት በኋላ ያንኑ ቦታ እንደገና አነሡ። ሰሜን ኢትዮጵያ ከዓመት ዓመት እየተራቈተች ብቻ የምትሄድ ይመስለው ለነበረ ሰው ውጤቱ አስደናቂ ነው፤ ምክንያቱም በብዙዎቹ ቦታዎች ዛፉና ቍጥቋጦው ከድሮው በዝቶ፥ እርከኑ ተሠርቶ፥ ገደሉ ለምልሞ ተገኘ። ምድሩ ዐፄ ቴዎድሮስ በሞቱበትም ዓመት የተጎዳ ነበር፤ የዳነውም በሰው ሥራ ነው። በደምበጫ የጠፋው ደንና በሰሜን የተመለሰው ቍጥቋጦ ሁለቱም እውነት ናቸው። ስለዚህ «አገሩ ጠፋ» ወይም «አገሩ ለማ» ብሎ በጅምላ መናገር አይበቃም፤ እያንዳንዱ ቀበሌ የራሱ ምስክር ያስፈልገዋል።

በሌላው ዓለም የመልክዐ ምድር ፎቶግራፍ በቤተ መዘክር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ መደነቂያ ከመሆኑ በፊት የመንግሥት ጉዳይ ሆኖ ነበር። በአሜሪካ ካርልተን ዋትኪንስ እ. ኤ. አ. በ1861 የዮሰሚቲን ሸለቆ በታላላቅ የመስታወት ሰሌዳዎች አነሣ፤ ያንን አገር ረግጠው የማያውቁ የዋሽንግተን ሰዎች ሥዕሉን አይተው ነበርና፥ ፕሬዚዳንት ሊንከን እ. ኤ. አ. በ1864 ሸለቆው ለሕዝብ እንዲጠበቅ በሚያዘው ሕግ ላይ ፈረሙ። ከዚያም በኋላ አንሰል አዳምስ የሲየራ ኔቫዳን ተራሮች ሥዕል ይዞ ወደ ዋሽንግተን ሄደ፤ የኪንግስ ካንየን ብሔራዊ ፓርክም እ. ኤ. አ. በ1940 ተቋቋመ። በእኛም ምድር ላይ እንዲህ ያለ ዓይን አርፏል። የብራዚሉ ተወላጅ ሰባስቲያኦ ሳልጋዶ በ1977 ዓ. ም. ድርቅ ጊዜ የተራበውን ሕዝባችንን ሥዕል አንሥቶ ለዓለም ያሳየ ሰው ነው። ይኸው ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ ከላሊበላ አካባቢ እስከ ሰሜን ተራሮች ድረስ በእግሩ ተጕዞ ምድሩን አነሣ። እነዚያ ሥዕሎች የገቡበት «ጄነሲስ» የተባለው ኤግዚቢሽኑ እ. ኤ. አ. በ2013 በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ተከፍቶ፥ ከዚያ በብዙ አገሮች ታየ። ሳልጋዶ እ. ኤ. አ. በ2025 ዐረፈ። የአንዱ ሰው ካሜራ የአንዱን አገር መከራም ክብርም ማሳየቱን ልብ ይሏል፤ በመጀመሪያው ጊዜ ሰው ታየ፥ በሁለተኛው ጊዜ ሰውየው የቆመበት ምድር ታየ።

አሁን ወደ ሞጣ እንመለስ። ከሞጣ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኝ አንድ ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ ነበር። በዐፄ ፋሲል ዘመነ መንግሥት (ከ1624 እስከ 1660 ዓ. ም.) በድንጋይና በኖራ እንደ ተሠራ ይነገራል። የውጭ አገር ሰዎች «የፖርቱጋል ድልድይ» ይሉታል፤ ይህም የሚያስገርም ነው፥ ኢየሱሳውያኑን ከአገር ያስወጣው ራሱ ፋሲል ነውና። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የድልድዩ መካከለኛ ቅስት ተሰበረ፤ ያፈረሱትም ጠላት እንዳይሻገር ያሰቡ የአገሩ አርበኞች እንደ ሆኑ ይተረካል። ከዚያ ወዲያ «ሰባራ ድልድይ» እየተባለ፥ ገበያተኛው፥ ተማሪው፥ በሽተኛው፥ ዘመድ ጠያቂው በገመድ ይሻገር ጀመር። በወዲህና በወዲያ የቆሙት ሰዎች ገመዱን ይዘው ሲጎትቱ፥ ተሻጋሪው ወገቡን ታስሮ ከጎርፉ በላይ ተንጠልጥሎ ያልፋል። ይህ ከስድሳ ዓመት በላይ ቆየ።

እ. ኤ. አ. በ2000 መጨረሻ «ናሽናል ጂኦግራፊክ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ስለ ዓባይ ጉዞ የተጻፈ ጽሑፍ ከፎቶግራፍ አንሺዋ ከኔቫዳ ዊር ሥዕሎች ጋር አወጣ። ከሥዕሎቹ አንዱ ሰው በሰባራው ድልድይ ላይ በገመድ ሲሻገር የሚያሳይ ነበር። ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የሕንፃ ተቋራጭ መጽሔቱን ሲገልጥ ይህን ሥዕል አየ፤ አይቶም ማለፍ አልሆነለትም። እ. ኤ. አ. በ2001 ለእግረኛ ድልድይ ሥራ የሚያገለግል ማኅበር አቋቋመ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ከበጎ ፈቃደኞችና ከአገሩ ሰዎች ጋር ሆኖ በተሰበረው ቅስት ላይ የብረት መሻገሪያ ዘረጋ። ይህን መሻገሪያ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዓባይ ሙላት ወሰደው። ማኅበሩ ግን ሥራውን አልተወም፤ እ. ኤ. አ. በ2009 ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ አዲስ የገመድ ድልድይ ተሠራ። ከዚህ ከአንዱ ሥዕል የተወለደው ማኅበር በልዩ ልዩ የዓለም አገሮች ብዙ ድልድዮችን ሠርቷል።

ይህን ታሪክ ስናነብ ደስ ይለናል፤ ነገር ግን በደስታችን ውስጥ አንድ የሚቈረቍር ጥያቄ አለ። ያንን ገመድ የሞጣ ሰው በየቀኑ ያየው ነበር። የወረዳው ጸሐፊም፥ ግብር ሰብሳቢውም፥ መምህሩም አይተውት ይሆናል። ከስድሳ ዓመት በላይ የታየ ነገር በአንድ ወረቀት ላይ ታትሞ ባሕር ተሻግሮ እስኪሄድ ድረስ ለምን መፍትሔ አላገኘም? የመንግሥት ሠራተኞች እንደ መሆናችን ይህ ጥያቄ እኛንም ይመለከታል። ዓይን የለመደውን ነገር አያየውም። ችግሩ በማመልከቻ ሲጻፍ «ድልድይ ስለ ሌለን እንቸገራለን» የሚል አንድ መሥመር ይሆንና ከሌሎች ሺህ መሥመሮች ጋር በፋይል ውስጥ ያርፋል። ሥዕል ግን ያንኑ መሥመር ከፋይሉ አውጥቶ በጠረጴዛው ላይ በሰው አካል ያንጠለጥለዋል። ባለሥልጣን ቆላ ወርዶ ሁሉን ማየት አይችልም ይሆናል፤ ቆላው ግን በሥዕል ወደ እርሱ ሊወጣ ይችላል።

ስለዚህ በቢቸናና በሞጣ፥ በትምህርት ቤት አዳራሽም ቢሆን በከተማው የስብሰባ ቤት፥ የአካባቢው የመልክዐ ምድር ፎቶግራፍ ኤግዚቢሽን እንዲቋቋም አሳባችንን እናቀርባለን። አሠራሩ ውድ አይደለም። መጀመሪያ፥ በአዲስ አበባና በውጭ አገር ቤተ መዛግብት ያሉት ያለፈው ዘመን የአየርና የምድር ሥዕሎች ግልባጭ እየተፈለገ ይምጣ። ሁለተኛ፥ መምህራንና ተማሪዎች ሥዕሉ የተነሣበትን ቦታ አግኝተው፥ በዚያው ወር፥ ፊታቸውን ወደዚያው አቅጣጫ መልሰው እንደገና ያንሡ፤ የመስከረም አረንጓዴና የሚያዝያ ደረቅ መስክ ቢነጻጸሩ ውሸት ይሆናልና። ሦስተኛ፥ በእያንዳንዱ ሥዕል ሥር የቦታው ስም፥ ቀኑ፥ አንሺው የቆመበት ሥፍራና ያነሣው ሰው ስም ይጻፍ፤ ይህ የሌለው ሥዕል ቢያምርም ምስክርነቱ ጎደሎ ነው። አራተኛ፥ ከሥዕሉ አጠገብ የአገሩ ሽማግሎች ስለዚያ ኰረብታ፥ ስለዚያ ምንጭ፥ ስለዚያ ደን የሚናገሩት ቃል ተጽፎ ይቀመጥ። ከሁሉ በላይ ግን ሥዕሉ ለገበሬው ይታይ፤ ማሳውን ከላይ የተመለከተው ዓይን ምን እንዳየ ባለ ማሳው ይወቅ።

ፎቶግራፍ ዛሬ በያንዳንዱ ወጣት ኪስ ውስጥ አለ፤ ስለዚህ ኤግዚቢሽን አያስፈልግም የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን ብዛት መዝገብ አይሆንም። በስልክ የሚነሣው አብዛኛው ሥዕል ሰውየውን እንጂ ከኋላው ያለውን ተራራ አይፈልግም፤ ስልኩም ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በዚህ ረገድ ከምኒልክ ቤተ መንግሥት ዘመን ብዙ አልራቅንም፤ ካባውና ጎራዴው ቢለወጥም ምድሩ እስከ ዛሬ ከበስተ ኋላ ነው። የኤግዚቢሽን ጥቅሙ መምረጡ፥ ማስተያየቱና ማቈየቱ ነው። አንድ ሥዕል ውበትን ያሳያል፤ የአንድ ቦታ ሁለት ሥዕሎች ግን ጊዜን ያሳያሉ።

ጊዜ ደግሞ ለዚህ ምድር ተራ ነገር አይደለም። ከጮቄ የሚወርዱት ወንዞች በየክረምቱ የሚሸከሙት ቀይና ጥቁር ውሃ፥ ትናንት ጤፍ ይበቅልበት የነበረ አፈር ነው። ያ አፈር በድሮ ዘመን ሱዳንንና ግብጽን ያለማ ነበር፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ. ም. የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ከተመረቀ ወዲህ ግን የብዙው ማረፊያ የራሳችን ግድብ ሆኗል። ስለዚህ በጮቄ ግርጌ የሚሠራ አንድ እርከንና የሚተከል አንድ ኮሶ የቢቸና ገበሬ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የመላው አገር ጉዳይ ነው። እርከኑ አፈሩን ይዞ እንደ ሆነ፥ ኮሶው በቅሎ እንደ ሆነ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመጡት ልጆቻችን ይጠይቁናል። መልሱን የሚያገኙት ዛሬ አንድ መምህር ከነተማሪዎቹ ኰረብታ ላይ ወጥቶ፥ ቀኑን ጽፎ፥ የሚያየውን እንዳለ አንሥቶ ካቈየላቸው ነው።